አክታዬ ይመርመር ያልኩ ቀን

ሳሉ የጀመረኝ የቡና ለቀማ በጨረስንበት ሰሞን ነው። ብናኝ ነው ብዬ ተውኩት። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር፣ ቀሚሴም ሰፋኝ። ሦስተኛው ሲጋመስ መምህር የሆነው ልጄ ከመንደራችን ከማንኪራ ቦንጋ ከተማ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ።

ያየን ጤና መኮንን ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። አማርኛዬ ስለሚሰባበር ይሁን ሽበቴን አይቶ፣ አንዴም ወደ እኔ አልዞረም። መቼ እንደጀመረኝ እንኳ የጠየቀው ልጄን ነው። ደረቴን አዳመጠና ለእሱው፣ እርጅና ነው፣ ብርድ እንዳይመታቸው ብሎ የሳል ሽሮፕ አዘዘ። ልጄ አመስግኖ ተነሣ። እኔ አልተነሣሁም።

ተራ ስንጠብቅ በሩ አጠገብ የተለጠፈውን ወረቀት ሳነብ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ያነበብኩትን ግን አልረሳም። ከሁለት ሳምንት በላይ ያሳለው ሰው አክታውን ያስመርምር ይላል።

«ልጄ» አልኩት ጤና መኮንኑን፣ «የለጠፋችሁት ወረቀት ዕድሜ አይጠቅስም። አክታዬ ሳይታይ ከዚህ ወንበር አልነሣም።»

የወለድኩት ልጄ እንዳላሳፍረው በቋንቋችን በካፊኖኖ ለመነኝ። እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ጤና መኮንኑ ምርመራውን ጻፈ፤ አክታውን ከደረቴ ስቤ በሰጠኝ ዕቃ ውስጥ እንዴት እንደምተፋም ለእኔው፣ ዓይኔን እያየ አስረዳኝ።

ሳምባ ነቀርሳ ነበር። ስሰማ ከመፍራቴ በፊት ተናደድኩ። ያን ሁሉ ቀን የልጅ ልጄ የምትተኛው ከእኔ ጋር ነበር። ሽሮፑን ይዤ ተመልሼ ቢሆን ኖሮ ሕፃኗን የማስይዛት እኔው ነበርኩ። ቤተሰቡ በሙሉ ተመረመረ፤ ማንንም አልያዘም። መድኃኒቱን ስድስት ወር ዋጥኩ። ሽንቴ ቀላ፣ ምግብ አስጠላኝ፤ አንድ ቀን አላቋረጥኩም። ዳንኩ።

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ፣ ንብ አናቢው ሽማግሌ፣ ሲያስሉ ከረሙ። በእኔ ዕድሜ ምን ምርመራ ያስፈልጋል ብለው እምቢ አሉ። ጫማቸውን እስኪያጠልቁ ደጃቸው ላይ ተቀመጥኩና ይዣቸው ሄድኩ። ቲቢ የለባቸውም ተባለ። መንገዱን ሁሉ በከንቱ አደከምሽኝ እያሉ አጉረመረሙ።

«እንደሌለብዎት አሁን አወቁ አይደል?» አልኳቸው።

እንደገና ካሳሉ እንደገና እወስዳቸዋለሁ፤ እሳቸውም ያውቁታል።