የሰልዋ ድምፅ ከመንገዱ ማዶ

ቆቦ ውስጥ ኮምፒውተር ቤት ገብቶ የፈሪድ እንድሪስን ስብከት ሳይሰማ የወጣ ሰው የለም። ከመናኸሪያው አለፍ ብላ ባለችው ጠባብ ቤቱ ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ገበሬ ሳይቀር፣ ወረቀቱ እስኪታተም ድረስ ስለ ሊኑክስ፣ ማንም ከፍቶ ሊለውጠው ስለሚችለው የኮምፒውተር ሥርዓት ይነገረዋል።

"ክዳኑ ተበይዶ የመጣ ድስት ቢሸጡልህ ትገዛለህ?" ይላል ፈሪድ፣ ጣቶቹ ከፊደል ገበታው ሳይነሱ።

"ምን ሊሠራልኝ?"

"ይኸው ነው! ዓለም በሙሉ የተበየደ ድስት ገዝቶ ነው የሚበላው። ምን እንደተቀቀለበት አያይ፣ ጨው ቢያንሰው አይጨምር። የኔው ግን ክዳኑ ይነሳል። ስትፈልግ በርበሬ ታክልበታለህ።"

"እኔ የመሬት ጉዳይ ነው ያልኩህ፤ ስለ በርበሬ አላነሳሁም።"

ነገሩ የጀመረው ፈሪድ ደሴ ተምሮ በተመለሰ በዓመቱ ነው። ከባሕር ማዶ፣ ከማያውቀው ሰው፣ አንድ ሲዲ በፖስታ መጣለት። ክፈል ያለው የለም፤ ማነህ ብሎ የጠየቀውም የለም። ሲዲውን ወደ ፀሐይ አንስቶ ሲያየው ቀስተ ደመና ታየበት፤ ውስጡ ያለውን ሲከፍተው ደግሞ የሺህ ሰው ድካም፣ እያንዳንዱ መስመር ሳይደበቅ፣ እንደ ተዘረጋ እህል ተሰጥቶ ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ የዓለምን ነገር ሁሉ የሚለካው በዚያች ሲዲ ሆነ። ባጃጅ ይወዳል፤ ሆዷ መንገድ ዳር ይከፈታልና። ባትሪው የማይወጣ ስልክ የያዘ ሰው ሲያይ ያዝንለታል። የድልህ አሠራራቸውን ለማንም የማይናገሩትን ጎረቤቱን ወይዘሮ ዘነበችን እንኳ አንድ ቀን ቆሞ ተከራክሯቸዋል። "ሚስት አግባና ለሷ እነግራታለሁ፤ ለአንተ ግን ምላሴ ይቆረጥ!" ብለው አባረሩት።

እሱም የሚሰጠው ነበረው። "ጣት መፍቻ" የምትባል፣ በአማርኛ መተየብ የምታስተምር ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ፊደሎች ከስክሪኑ አናት ይወርዳሉ፤ መሬት ሳይነኩ መምታት ነው። ቃላቱ የአገር ቃላት ናቸው፤ ማሽላ፣ ግመል፣ ዞብል ተራራ፣ ጎርፍ። በሲዲ እያባዛ ለሮቢትም ለዋጃም ኮምፒውተር ቤቶች በተነው። በእያንዳንዱ ሲዲ ላይ በእጁ "ክፈቱት፣ ለውጡት፣ ለሰው ስጡት" ብሎ ይጽፋል። ይህን ሲጽፍ ደረቱ ይሰፋል። እንዲህ ያለ ሰው ቅናት የሚባል ነገር በደጁ ያልፋል ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው?

በሁለት ሺህ ሦስት ክረምት ግን ቅናት በደጁ አላለፈም፤ ከመንገዱ ማዶ ቤት ተከራየ።

ዘካሪያስ አብሮ አደጉ ነው። መተየብም፣ ኮምፒውተር መጠገንም የለመደው ከፈሪድ ወንበር አጠገብ ተቀምጦ ነው። በዚያ ክረምት ትክክል ከፈሪድ ፊት ለፊት ሰፊ ቤት ከፍቶ፣ ደጃፉ ላይ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ሰቀለና ትምህርት ቤት የተዘጋላቸውን ልጆች ማስተማር ጀመረ። የሚያስተምረውም በጣት መፍቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ፈሪድ ደስ ብሎታል፤ ቢያንስ ደስ ብሎኛል ይል ነበር።

አንድ ጠዋት ከዚያ ስፒከር፣ የባጃጁን ጩኸት ሰንጥቆ፣ አንድ የሴት ድምፅ መጣ።

"ጎበዝ!"

የፈሪድ እጅ አየር ላይ ቀረ። ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ያንን "ጎ" ለስለስ አድርጎ፣ "በዝ" ላይ ፈገግ የሚል ድምፅ በሌላ ሰው አፍ ሰምቶት አያውቅም።

"ማ! ሽ! ላ! ጎበዝ!"

የሰልዋ ድምፅ ነው። ሰልዋ የአንደኛ ክፍል መምህርት፣ የእሱ እጮኛ ናት። ማሽላው ሲታጨድ ኒካሕ ሊታሰር ቀጠሮ ተይዟል። ያ ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ መብራት እስኪጠፋ ድረስ፣ መብራት ሲመጣም እንደገና፣ ከዘካሪያስ ደጅ የቆቦን መንገደኛ ሁሉ ጎበዝ ይላል። ሹፌሩን ጎበዝ፣ ግመል ነጂውን ጎበዝ። ፈሪድን ብቻ ጎበዝ ያለው አልመሰለውም።

ማታ ሳይደርስ ሰልዋን አገኛት።

"ድምፅሽን ለዘካሪያስ ሰጠሽው?"

"ለልጆቹ ነው የሰጠሁት። ዘካሪያስ ማይክራፎኑን ያዘ እንጂ።"

"ማይክራፎኑን ያዘ!" አለ ፈሪድ፣ ሰው እጇን ያዘ እንደተባለ።

"ፊደል ያልለየ ልጅ ስክሪን ላይ ቢያፈጥ ምን ያገኛል? ድምፅ ጨምርበት ብዬ አንተን አልለመንሁህም? አረፋ አለፈ፤ 'በሚቀጥለው እትም' አልክ። መውሊድ አለፈ፤ 'በሚቀጥለው እትም'። እሱ በአንድ ሳምንት ጨረሰው።"

"ሳይጠይቀኝ!"

"ለውጡት ብለህ የጻፍኸው አንተ አይደለህ?"

"ፕሮግራሙን ነው ያልሁት! እጮኛዬን አላልሁም!"

ሰልዋ ትክ ብላ አየችው። ሻርፗን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ያለው ድምፅዋ ከስፒከሩ ይልቅ ያስፈራል።

"ስማ ፈሪድ። አባዬ ወንድ ልጅን የሚመዝነው በምን እንደሆነ ታውቃለህ። ማሽላው እስኪታጨድ ጊዜ አለህ። ልብህ እንዲህ እንደተዘጋ ከቆየ፣ ኒካሑ ይቅር የምለው እኔ ነኝ።"

አባቷ አያ ካሳው የውሃ አባት ናቸው። ራያ ቆላው ላይ ዝናብ እንደ እንግዳ ነው፤ መጣሁ ብሎ ይቀራል። ገበሬውን የሚያበላው ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ነው። ጎርፉን ከወንዙ ጠልፈው በእናት ቦይ ያመጡታል፤ ከዚያ ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው በተራ ይሄዳል። እያንዳንዱ ማሳ ግርጌ በቅርንጫፍና በአፈር የተሠራ ክትር አለ። የላይኛው ገበሬ ማሳው ሲጠጣ ክትሩን በአካፋ ይከፍታል፤ ውሃው ለጎረቤት ይወርዳል። ተራውን የሚያስከብሩት አያ ካሳው ናቸው፤ ወንድ ልጅንም የሚመዝኑት ክትሩን በጊዜው በመክፈቱ ነው። የፈሪድ አባት ማሳ ከላይ ነው። ከሥሩ ያለው የማን መሰላችሁ? የዘካሪያስ አባት።

ያን ሳምንት ፈሪድ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፍ ጻፈ። አዲሱን ጣት መፍቻ የይለፍ ቃል የሌለው ሰው እንዳይከፍተው የሚያደርግ ቁልፍ ነው። ከመንገዱ ማዶ ድምፅዋ "ጎበዝ!" ባለ ቁጥር አንድ መስመር ይጨምራል።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቱን አያ እንድሪስን ወገባቸውን አሟቸው። ምዕራቡ ተራራ ጠቁሯል። "ልጄ፣ የሆርማት ወንዝ ጎርፍ ዛሬ ይመጣል፤ ማሳው ዘንድ ዋል" አሉት። ፈሪድ አካፋ ተሸክሞ ወረደ። ሜዳው ላይ ፀሐይ ድምቅ ብላለች፤ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። እንዲህ ባለው ብሩህ ቀን ነው ጎርፉ የሚመጣው። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የሩቅ አገር አፈር ሽታ። ቀጥሎ ጉርምርምታው። ከዚያ ቡናማው ውሃ አረፋና ቅጠል እየገፋ፣ ደጋውን ሁሉ ተሸክሞ፣ በእናት ቦይ ገባ። ፈሪድ ስንት ጊዜ አይቶታል፤ ስንት ጊዜም አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ከማያውቀው ሰማይ፣ ሳይጠየቅ፣ ሳይከፈልበት የመጣ ነገር!

ማሳው ጠጣ። የማሽላው ግንድ እስከ መሃሉ ውሃ ውስጥ ቆመ። ከታች ዘካሪያስ ሱሪውን ሰብስቦ፣ አካፋውን ተደግፎ ይጠብቃል።

"ፈሪዶ! ጠገበልህ እኮ! ልቀቀው!"

ፈሪድ ወደ ክትሩ ሄደ፤ አካፋውን አነሳ። ወላሂ ሊከፍተው ነበር። ዘካሪያስ ግን ቀልድ አማረው። እጆቹን አፉ ላይ ከቦ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ በዚያ በስፒከሩ ዜማ ተጣራ።

"ጎ-በዝ!"

ፈሪድ አካፋውን መሬት ላይ ሰካና ክትሩ ላይ ቁጭ አለ።

"ምን ሆንክ?" አለ ዘካሪያስ ከታች። "ኧረ ሰውየው! ውሃው እየሞላ ነው!"

ውሃው ከፍ አለ። ይህ የኔ ነው አለ ፈሪድ በልቡ፤ አንድ ነገር እንኳ የኔ ይሁን። በዚህ መሃል ከሥሩ ያለው አፈር እንደ ፈላ ገንፎ መንፈቅፈቅ ጀመረ። ዘሎ ተነሳ። ክትሩ የተከፈተው እሱ በሚከፍትበት ቦታ አይደለም፤ በማሳው ጥግ፣ በደካማው በኩል ነው። ጎርፉ የአባቱን ማሽላ ከነሥሩ እየነቀለ፣ አፈሩን እየጠረገ፣ ለማንም ሳይሆን ወደ ገደሉ ገባ። ዘካሪያስ የራሱን ማሳ ትቶ ቅርንጫፍ እየጎተተ ሮጠ። ሁለቱም ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው ሊደፍኑት ታገሉ፤ ውሃው አልሰማቸውም። ያን ጊዜ እንኳ ፈሪድ ቀና ብሎ ዘካሪያስን አየውና፣ ጭቃው እንዴት ያምርበታል ብሎ ተናደደ።

ጠዋት ባለ ማሳዎቹ የተሰበረው ክትር ላይ ተሰበሰቡ። አያ ካሳው አካፋቸውን እንደ ከዘራ ተደግፈው ቆሙ። ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል። ውሃ ሲጠብቅ እንቅልፍ የጣለው ሰው ይማራል፤ እንቅልፍ የአላህ ነው። ሆን ብሎ የከለከለ ግን የእናት ቦዩን ደለል ብቻውን ይጠርጋል፣ ክረምቱ እስኪወጣም ተራው ከሁሉ ኋላ ይሆናል።

"ፈሪድ፣" አሉ አያ ካሳው፣ "እንቅልፍ ጥሎህ ነው ወይስ አውቀህ?"

ሰው ሁሉ መልሱን በዓይኑ አቀበለው። ተኝቼ ነው በል፤ አንዲት ቃል ናት። ፈሪድም አፉን ሊከፍት ሲል ዘካሪያስ ቀደመው።

"አያ ካሳው፣ ከታች ሆኜ አይቸዋለሁ። ሲያሸልብ ነበር።"

ጓደኛው ስለ እሱ ዋሸለት። ማሳው ደርቆበት፣ ውሃው ገደል ገብቶበት፣ ደግሞ ይምረዋል! ፈሪድ ድምፅ ማጉያውን ችሏል፤ ሰፊውን ቤት ችሏል፤ ይህን ግን አልቻለም።

"አላሸለብሁም!" አለ ጮኾ። "አውቄ ነው! ቀንቼ ነው!"

"በማን?" አሉ አያ ካሳው።

"በዘካሪያስ።"

"በምኑ?"

"በምኑ አልቀናሁም፣ አያ ካሳው? በስፒከሩ ቀናሁ። በተማሪው ቀናሁ። አሁን ደግሞ በውሸቱ ቀናሁ። እሱ እንዲህ ደግ ሆኖ እኔ ከሥሩ ልቁም?"

መጀመሪያ የሳቀው ዘካሪያስ ነው። ቀጥሎ ሰዉ ሁሉ አካፋውን እየጣለ ሳቀ። አያ ካሳው አልሳቁም፤ ጢማቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"ደለሉን ትጠርጋለህ። ተራህ ከኋላ ነው" አሉ። ፈሪድ የኒካሑንም ፍርድ ጠብቆ ቆመ። እሳቸው ገብቷቸዋል። "እኔ የውሃ አባት ነኝ። የዚያችን ነገር እሷው ትፍረደው።"

እሷም መጣች። ፈሪድ ቦዩ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደለል ሲያወጣ፣ ሰልዋ ከአፋፉ ላይ ቁልቁል አየችው።

"ተኝቼ ነው ብትል ይማሩህ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ እውነት መናገር ለምን አማረህ?"

ፈሪድ አካፋውን አቆመ።

"እሱ እንዳይበልጠኝ ብዬ ነው።"

ሰልዋ አፋፉ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። "እውነት የምትናገረውም ቀንተህ ነው?"

"ወላሂ ቀንቼ። ደግሞ ሌላም አለ። አዲሱን እትም ቆልፌው ነበር።"

ሳቋ ቆመ። "አንተ? ቆለፍኸው?"

"ትናንት አጠፋሁት። በራሴ ቁልፍ ራሴን ስዘጋ አየሁት፤ እንደ ክትሩ።"

ሰልዋ የሻርፗን ጫፍ ከጭቃው ሰበሰበች። ከሩቅ የአይሱዙ ጥሩምባ ይሰማል። "እንግዲያው" አለች፣ "አንተም ድምፅህን ትሰጣለህ። ልጁ ሲመታ እኔ ጎበዝ እለዋለሁ፤ ሲሳሳት ኮምፒውተሩ ዝም ነው የሚል። የሚቆጣ ድምፅ ያስፈልገናል። ቆቦ ውስጥ ካንተ የተሻለ የሚቆጣ አላገኘሁም።"

"ማይክራፎኑን ማን ሊይዝ ነው?"

"እኔ" አለች ሰልዋ።

የዚያ ዓመት ማሽላ በአያ እንድሪስ ማሳ ጥግ መልሶ አልበቀለም፤ የተረፈው ሲታጨድ ግን ኒካሑ ታሰረ። ዘካሪያስ ስፒከሮቹን ለሠርጉ አምጥቶ ሰቀለ። ፈሪድ የሙሽራ ልብሱን ለብሶ፣ ስፒከሮቹ ከራሱ ድንኳን ይልቅ በዘካሪያስ ደጅ ያምሩ እንደሆነ ሲያስብ ሰልዋ በክርኗ ጎሸመችው።

ከዚያ ወዲያ ከመንገዱ ማዶ ሁለት ድምፅ ይሰማ ጀመር። "ጎበዝ!" ትላለች ሰልዋ። "ተሳስተሃል፣ ደግመህ ሞክር!" ይላል ፈሪድ። መንገደኛው ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ የሰማ እየመሰለው ዞር ይላል። ፈሪድም ከወንበሩ ላይ ሆኖ ያዳምጣል። ጥቂት ሳምንት በጣም ደስ አለው። ልጆቹ ግን እየለመዱ ሄዱ። ጣታቸው ተፈታ፤ ስህተታቸው እያነሰ መጣ። የሱ ድምፅ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይላል፤ የእሷ "ጎበዝ!" ግን በዚያ ሰፊ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ይውላል።

ፈሪድ ቻለ፣ ቻለ፣ ከዚያ አዲስ እትም አወጣ። ቁልፍ የለበትም፤ መስመሩ ሁሉ እንደ ድሮው የተዘረጋ ነው፤ በሲዲው ላይም ያቺው የእጅ ጽሑፉ አለችበት። የተለወጠው ቃላቱ ብቻ ናቸው። ማሽላና ግመል ወጥተው "አልተንቀጠቀጠችባቸውም"ና "እንደሚያስተናግዷችሁ" ገብተዋል።

ዘካሪያስ ሲዲውን ከፍቶ ቃላቱን አንድ በአንድ አነበበ። መንገዱን አሻግሮ ፈሪድን አየው። ፈሪድ ወረቀት የሚያስተካክል መሰለ። ዘካሪያስ ሳቀ፤ ሊለውጠው ይችል ነበር፤ አንድም ቃል ሳይነካ ለልጆቹ ጫነላቸው። ወዲያው ከመንገዱ ማዶ ተሰማ።

"ተሳስተሃል፣ ደግመህ ሞክር! ተሳስተሃል፣ ደግመህ ሞክር!"