የበርሜሉ ጠረን

ልጄ ለመስቀል ወደ ሶዶ የመጣው ምርቃት ፈልጎ ነው። ሐዋሳ ያለ አንድ ሆቴል የመጠጥ ክፍሉን እንዲይዝለት ጠርቶታል፤ እኔ ካልመረቅሁት ግን እንደማይሄድ ለእናቱ ነግሯታል። እኔም እንደማልመርቀው ነግሬያታለሁ። የወንጌል አማኞች ነን፤ ቤታችን መጠጥ ገብቶበት አያውቅም።

እሱ ግን ጠርሙስ ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አባ፣ አይጠጡት። ያሽትቱትና ከዚያ ይፍረዱ።»

የስኮትላንድ ውስኪ ነው። በአንድ ፋብሪካ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ ተሠርቶ፣ ቀድሞ ሼሪ የሚባል የወይን ጠጅ በነበረበት የእንጨት በርሜል ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቷል አለኝ። እኔ አናጢ ነኝ፤ ሙያውን ያስተማረኝ የለም፣ እንጨት እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። ስለዚህ በርሜል ሲል ጆሮዬን ሰጠሁት። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ቀለሙ በዘይት ደጋግሜ ያሸሁት የዋንዛ ጠረጴዛ ይመስላል።

ሚስቴ ብርጭቆ አመጣች። ልጄ ቀዳ፣ አፍንጫውን አስጠጋና ቆም አለ።

«እማ፣ ይህን ብርጭቆ አጥነሽዋል?»

«የወተቱን ዕቃ በማጥንበት ወይራ ነው። የእንግዳ ነገር ባልታጠነ ዕቃ ላቅርብ?»

«ጭስ የሚሸት ውስኪ አለ፤ ይህኛው ግን ጭስ የለውም እኮ። አሁን የሚሸተው ያንቺ ወይራ ነው።»

«ወተት ይዘህ ብትመጣ ኖሮ አባትህም እስካሁን መርቆህ ነበር» አለችና ብርጭቆውን በሙቅ ውሃ አጥባ መለሰችው።

ልጄ እንደገና ቀዳልኝ፤ አሸተትኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ዘቢብ ነው። ከዚያ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭና ማር። ቆይቶ ቅርንፉድ፣ ገበያ ላይ የዝንጅብል ጆንያ ሲፈታ የሚወጣው ሽታም። ከሁሉም ሥር ገና የተላገ ደረቅ እንጨት አለ። እንደዚህ ያለ ሥራ የሚወጣው ከታጋሽ ሰው እጅ ነው። ሙጫው ሳይደርቅ ወንበር የሚያስረክብ አናጢ ይህን ቢያሸት ያፍራል።

«ዘቢቡን ከየት አመጡት?»

«ከሼሪው ነው። ወይኑ ወጥቷል፤ በርሜሉ ግን ጠረኑን ይዞ ለውስኪው ሰጠው።»

ልጅም እንዲሁ ከቤቱ የያዘውን ይዞ ይወጣል ብዬ አሰብኩ። የሚያስፈራኝ ሐዋሳ ሄዶ በውስጡ የሚሞላው ነገር ነበር።

ከዚያ እሱ ጥቂት አፉ ውስጥ ያዘ። ወደ ደጅ ወጥቶ ተፋውና ተመለሰ። መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ መሀል ላይ በቅመም ይሞቃል፣ መጨረሻው እንደ ጥቁር ቸኮሌት መረር ብሎ ቶሎ አይለቅም አለኝ።

«ለምን ተፋኸው?»

«ሥራው እንዲህ ነው፣ አባ። የሚውጥ ሰው ማታ ላይ ምላሱ አያገለግለውም።»

መጠጥ የሰው ቤት እንደሚያፈርስ አሁንም አምናለሁ፤ ጎረቤቶቼ ላይ አይቻለሁ። ይህንኑ ነገርኩት። የእናቱን ወይራ በአንድ ትንፋሽ የለየ፣ ደጅ ወጥቶ የተፋ ልጅ ግን ልኩን ያውቃል። እንዲንበረከክ ነገርኩት፤ እጄን ራሱ ላይ ጭኜ ጸለይኩለት።

ስጨርስ ሚስቴ ብርጭቆውን ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አልኳት፣ «ጠረኑ ትንሽ ይቆይ።»