ራስህን እንዳትነቀንቅ

ሰው ሞኝነቱን ሲያወራ ትንሽ ያሳምረዋል። የእኔ ግን ቢያሳምሩትም የሚያምር አይደለም። የታሰርኩት በቀልድ ነው፤ ያውም አንዱን ቀልድ ሁለት ጊዜ በማውራት።

ምርጫው ያለፈ ሰሞን ነው። አማን ከተማ ውስጥ አንዲት ሻይ ቤት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተቀምጬ «የእኛ ቀበሌ የምርጫ ሳጥን የሰገራ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የገባው ሌላ፣ የወጣው ሌላ» አልኩ። ነርስ ስለሆንኩ ቀልዴም ከላቦራቶሪ ብዙ አይርቅም። ሁሉም ሳቀ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ግን አጠገባችን ብቻውን የተቀመጠ ሰውዬ ነበር። እንባውን እየጠረገ «ወንድሜ፣ በናትህ ድገማት፣ መጀመሪያዋ አመለጠችኝ» አለኝ። ደገምኩለት። ያውም ከወንበሬ ተነስቼ፣ ሳጥኑን በእጄ እየሠራሁ። በማግስቱ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲይዙኝ መኪና ውስጥ ሆኖ «እሱ ነው» ያለው ያው ሰውዬ ነው። ያን ጊዜ ግን አልሳቀም።

ፖሊስ ጣቢያው ሞልቶ ስለነበር ያስገቡኝ ሚዛን ተፈሪ ዳር ያለ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር። ግድግዳው፣ ባዶ ጆንያው፣ ከሲሚንቶው ከፍ ብለን የምንተኛበት ጣውላ ሳይቀር ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ይሸታል። ቀጥሎ ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሰዎቹ ታዩኝ። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

የቤቱ ካቦ፣ ማለትም ከእስረኛው መሀል የተመረጡት አለቃችን፣ ከጅማ በኩል የመጡ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። ሀጂ እንላቸዋለን። ነጭ ጥምጣማቸውን በየቀኑ ፈተው እንደገና ይጠመጥማሉ፤ እዚያ ቤት ውስጥ ንጹህ የሚባል ነገር እሱ ብቻ ነበር። ኪሳቸው ውስጥ ደግሞ ሚስታቸው ከምግብ ጋር ደብቀው ያስገቡላቸው የተወቀጠ ቡና አለ፤ አፍልተው ሊጠጡት ሳይሆን አልፎ አልፎ ከፍተው ሊያሸቱት። እኔን ሁሉም «ዶክተር» ይለኛል። አክብሮት እንዳይመስላችሁ። ሥራዬ ሲመሽ እነሱን ማሳቅ ነበር።

ጣሪያው ያፈሳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲብስ ከእኛው ጋር የታሰረ አንድ የቴፒ መካኒክ «እኔ እደፍናለሁ» አለ። የቡና መፈልፈያ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ የተበላሸ ነገር እያየ መቀመጥ አይሆንለትም። አፉን የፈታው በሸኮኛ ስለሆነ አማርኛው አጭር አጭር ነው። ጣውላዎቹን ደራርቦ ወጣ። ቀዳዳው ውስጥ ላስቲክ ሲወትፍ ጣውላው ከሥሩ ተንሸራተተ። ሲወድቅ የቆርቆሮው ጫፍ ባቱን ቀደደውና በማጅራቱ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ሙሉ ጆንያ ከትከሻ ላይ ሲጣል የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ።

እንግዲህ በእኛ አገር ሰው ሲወድቅ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ወድቆ እያዩ መቆም ነውር ነው። ሁሉም ተንጋግቶ መጣ።

«አይዞህ! አይዞህ!»

«አንሱት እንጂ!»

«ውሃ! ውሃ አጠጡት!»

ከሁሉ የቀደመው ጫኝና አውራጁ ነበር፤ ኩንታል ቡና እንደ ትራስ የሚያነሳ ጎረምሳ። የመካኒኩ ብብት ሥር እጁን አስገብቶ ሊያቆመው ነው።

«እንዳታነሱት!» ብዬ ጮህኩ።

ሁለት ሦስቱ ሳቁ። አልፈርድባቸውም፤ ያን ሁሉ ምሽት ሳስቃቸው ከርሜ ስጮህ ቀልድ ቢመስላቸው ጥፋቱ የማን ነው? «ዶክተር፣ አሁን ጊዜው አይደለም» አለኝ ጫኙ ሳያየኝ። ኩንታል የለመደ እጅ በልመና አይለቅም። የማደርገው ሳጣ እጁን ነከስኩት።

ለቀቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«አንገቱ ተሰብሮ ከሆነ ስታቆሙት ትጨርሱታላችሁ» አልኩ። «ቢተርፍም ዕድሜውን ሙሉ አይራመድም። ዛሬ ሰው የሚረዳው ባለማንሳት ነው።»

የምሬን መሆኑ ያኔ ገባቸው። ሸሚዜን አውልቄ አጣጠፍኩና ደሙ በሚፈስበት ላይ አድርጌ የነከስኩትን እጅ ከላዩ ጫንኩት። «ባለህ ጉልበት ተጫን። ቆመ አልቆመ እያልክ እንዳትገልጠው።»

«ሀጂ፣ እባክዎ ራስጌው ይንበርከኩልኝ። ራሱን በሁለት እጅዎ ይያዙት። እንዳይዞር፣ እንዳይጎነበስ።»

ሀጂ ተንበረከኩ። «ኪሴ ውስጥ ያለውን ቡና ነስንሱበት፣ ደም ያቆማል» አሉ። የቀራቸውን ሁሉ መስጠታቸው ነበር።

«ሀጂ፣ ቡናው ለእኔ ይሁን፣ ራሴን ሊያመኝ ነው። ቁስሉ የሚፈልገው ክብደት ብቻ ነው።»

ትንሽ ቅር አላቸው። እጃቸውን ግን ፍንክች አላደረጉም።

መካኒኩ ላይ አጎነበስኩ። «ስማኝ ወንድሜ። ራስህን እንዳትነቀንቅ። እሺም እምቢም በአፍህ ብቻ።»

«እሺ» አለ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ከተናገረ አየር ይገባል ማለት ነው። ደረቱን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ግራና ቀኙ እኩል ይነሳል። የእግሩን ጣቶች እንዲያንቀሳቅስ ስጠይቀው ቀኙ ታዘዘ፤ ግራው ዘገየ። ነካሁት።

«ይሰማሃል?»

«ትንሽ። እንደ ጉንዳን።»

ይኼ መልስ አላስደሰተኝም። በፊቴ ግን አላሳየሁትም።

ማሰሪያ ጨርቅ ፈለግሁ። የሁላችንም ልብስ ቆሻሻ ነው። «ጥምጣሜን ፍታው» አሉ ሀጂ፤ እጃቸው ስለተያዘ ራሳቸው መፍታት አልቻሉም። እየዞርኩ ፈታሁት። መላጣቸውን ያን ቀን ነው ያየነው። ማንም አልሳቀም፤ እኔም ጭምር። በጥምጣሙ የባቱን ቁስል ከነሸሚዙ ጠቅልዬ አሰርኩት።

በሩን መታን። «አለቃ ሲመጣ» አለ ዘበኛው ከውጭ። ተራ ገባን። ሳንሳደብ፣ ሳንጮህ፣ የአንዱ እጅ ሲዝል ሌላው እየተካ መታን። መካኒኩ ውሃ ለመነኝ፤ ምናልባት ቀዶ ሕክምና ይገባል ብዬ ከለከልኩት። ያለንን ጋቢ ሁሉ አለበስነው። የአስር ሶላት ደረሰ። ሀጂ ከተንበረከኩበት ሳይነሱ፣ እጃቸውን ከሰውየው ራስ ላይ ሳያላቅቁ፣ በከንፈራቸው ብቻ ሰገዱ።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። የፖሊሶቹ አለቃ መጀመሪያ ያየው ጣሪያውን ነው።

«እዚያ ላይ ምን ይሠራ ነበር?»

«ጣሪያው ያፈስብናል፣ ጌታዬ።»

«እንደርስበታለን። በሉ፣ ደግፋችሁ አውጡት።»

«ተጋድሞ ነው መሄድ ያለበት» አልኩ።

«አንተ እዚህ እስረኛ እንጂ ሐኪም አይደለህም።»

«እሺ ጌታዬ። እኔ እስረኛ ነኝ፤ እሱ ግን በሽተኛ ነው።»

መልሱን ሳንጠብቅ አንድ ጣውላ ጎተትን። ሁለት ጆንያ ውስጥ ከየጥጉ የቃረምነውን የቡና ገለባ ሞልተን ለግራና ለቀኝ ጆሮው አዘጋጀን። አካሉን ሳናጣምም አንድ ላይ ማዞር ነበረብን፤ ይኼን ደግሞ ከጫኝ በላይ የሚያውቅ የለም። ጥሪውን ለእሱ ሰጠሁት። መኪና ላይ ጆንያ ሲጭኑ በሚያወጡት ድምፅ «እህ!» አለ፤ ሁላችንም እንደ አንድ እጅ ሆነን አዞርነው። «ሆ!» አለ፤ ጣውላው ላይ አረፈ።

ፒካፑ ድረስ እኛው ተሸከምነው። አለቃው «እዚህ ጋ አስቀምጡት፣ ፖሊሶቹ ይጭኑታል» ቢልም ጣውላውን የለቀቀ የለም። ዝናብ ውስጥ እንደተሸከምነው ቆምን። ቆይቶ የመኪናውን የኋላ መዝጊያ አስከፈተልን። ከኋላ የሚሄደውን ፖሊስ ሀጂ ጠሩት። «ልጄ፣ ጠመንጃህን አስቀምጥ» አሉት። የልጁን መዳፎች አንድ በአንድ ይዘው መካኒኩ ጆሮ ላይ አደረጉለት። «አሁን ያንተ አደራ ነው።» ፖሊሱ ጠመንጃውን አስቀምጦ ያዘ። መኪናው ወጣ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ «ነርሱ እስረኛ በጣሪያ ሊያስመልጥ ነበር» የሚል ነገር መጥቶብኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ተጠየቅሁበት። ከዚያ ድንገት ቀረ። ለምን እንደቀረ አላወቅሁም፤ ለመጠየቅ ደግሞ ያን ያህል ሞኝ አልነበርኩም።

ተፈትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ዛሬም ጤና ጣቢያ ነኝ። አዳዲስ ሠራተኞች ሲመጡ አደጋ የደረሰበት ሰው እንዴት እንደሚያዝ የማስተምረው እኔ ነኝ። ለመያዝ የሰለጠነ እጅ ሞልቷል፤ አለማንሳትን ማስተማር ነው የሚከብደው። ንክሻውን ግን አላስተምርም።

መካኒኩን ያገኘሁት ከስንት ዓመት በኋላ ቴፒ መናኸሪያ ነው። ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል፤ ግን በእግሩ መጥቶ ነው ያቀፈኝ። አንገቱን ጠየቅሁት። ደህና ነው አለ። ከዚያ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መርማሪ አልጋው ድረስ እንደመጣ ነገረኝ። «‹ነርሱ ነው ጣሪያ ያወጣህ። መናገር ካቃተህ ራስህን ነቅንቅ፣ ይበቃል› አለኝ» አለ።

«አንተስ ምን አልከው?»

«‹አልነቀንቅም› አልኩት። ‹ነርስ ከልክሏል።›»