ግራ እጁ ያረፈበት ቦታ

መብቱን በአፉ ያልጠየቀ ሰው ቢነጠቅ ሊታዘንለት አይገባም፤ ዝምታውን ትሕትና ብሎ ማሞካሸትም ስንፍናን ማቆላመጥ ነው። በር ሠሪውን አናጺ የሚያውቁ ሰዎች ይህን ይፈርዱበታል። ፍርዱ ይጸና እንደሆነ ታሪኩ ያሳየናል።

አናጺው በወጣትነቱ የሚስቱ ወንድም ባቋቋመው የፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ ውስጥ ከበሮ ይመታ ነበር። ሙዚቃቸው ለጭፈራ አይመችም፤ አንድ ዘፈን የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ ይይዛል፤ ምቱ ከሰባት ወደ አምስት ይዘልላል፣ ሳይታሰብም ይመለሳል። ጊታሪስቱ፣ ማለትም የሚስቱ ወንድም፣ ምቱ በተለወጠ ቁጥር የአናጺውን ትከሻ አይቶ ነበር በጊታሩ የሚገባው። ይህ ከማሾፍ አላገደውም፦ «ኧረ ቀስ! ከበሮ ነው እንጂ ምስማር አይደለም!»

የመጀመሪያ አልበማቸውን የቀረጹት ግድግዳው በአሮጌ ፍራሽ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ነው። ረጅሙን ዘፈን ሳይቆራርጡ በአንድ ትንፋሽ መቅረጽ የጊታሪስቱ ጥብቅ ሕግ ነበር። ወደ ማብቂያው ሲቃረቡ፣ መጋዝ ሲገፋ የዋለው የአናጺው መዳፍ የቋጠረው ውኃ ፈነዳና የግራ እጁ መምቻ አምልጦት ወደቀ። አላቆመም፤ በቀኝ እጁና በእግሩ ብቻ ምቱን ይዞ ዘለቀ።

ሲጨርሱ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንድገመው» አለ።

ድምፅ ቀራጩ ግን ከመስተዋቱ ጀርባ «ማንም እንዳይነካው!» ብሎ ጮኸ።

ለሽፋኑ ፎቶ በተነሡበት ዕለት አናጺው የአዲስ ሕንፃ በሮች እየገጠመ ነበር። ሚስቱ ለመውለድ ስለተቃረበችም ለኮንሰርት ከከተማ እንደማይወጣ ተናግሮ ነበር። በእሱ ቦታ አንድ መልከ መልካም ከበሮ መቺ ቆመ፤ ሽፋኑ ላይ ፎቶውም ስሙም የዚያ ሰው ሆነ። አናጺው «ስሜስ?» ብሎ ጊታሪስቱን ጠየቀ። «መድረክ ላይ የሚታየው እሱ ነው፤ ሕዝቡ ግራ ይጋባል። በሁለተኛው አልበም እናስተካክለዋለን» ተባለ። ሁለተኛ አልበም አልወጣም። የመጀመሪያው ግን ዝና አተረፈ። ጊታሪስቱም በሬዲዮ ቀርቦ ስለ ረጅሙ ዘፈን ማብቂያ «እዚያች ቦታ ላይ ግራ እጅህን አሳርፍ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ባዶነት እንዲሰማ ፈልጌ» ሲል ተነተነ።

የአናጺው ልጅ አድጋ ሸክላውን ከጓደኛዋ ተውሳ መጣች።

«አባዬ፣ የለህበትም እኮ! ክፍል ውስጥ አባቴ ነው ብዬ ሳቁብኝ።»

ሁለት እርሳስ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ከዘፈኑ ጋር መታላት፤ እዚያች ቦታ ሲደርስ ግራ እጁ ቆመ።

«ይሄንንማ ሰምቶ የሚያጠናው ሞልቷል» አለች፤ ዐይኑን ሳታየው።

በማግስቱ ወደ ሚስቱ ወንድም ሄደ። «ለጋዜጣ ተናገር አላልኩህም። ለልጄ ብቻ ንገርልኝ። እሷ ፊት ውሸታም ሆኜ አልቅር።»

«ኧረ ይሄማ ምን ችግር አለው፣ ወንድሜ!»

እሑድ ጊታሪስቱ ለምሳ መጣ። ልጅቱ ሸክላውን አጫወተች፤ እዚያች ቦታ ሲደርስ ፊቱን እያየች «አጎቴ፣ እዚህ ጋ የሚመታው ማነው?» አለችው። «አባትሽ ነው» ቢል የወደቀው መምቻ ታሪክ ይከተላል፤ በሬዲዮ የተነተነው ባዶነትም አብሮ ይወድቃል። ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሳቀ።

«አባትሽ እኮ ጎበዝ ነበር! ልምምድ ላይ ይመታልን ነበር።»

«አንተ! ዐይኔ እያየ?» አለች እህቱ፣ የአናጺው ሚስት፣ ጭልፋውን እንደያዘች።

«እማዬ ደግሞ ሁሌ ለአባዬ ታደላለች» አለች ልጅቱ። ሸክላውን አውጥታ ሽፋኑ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲያ አባቷን ስለ ሙዚቃ ጠይቃው አታውቅም።

እንግዲህ አናጺው በአፉ፣ በአግባቡ ጠይቋል፤ መጨረሻ ላይ የጠየቀውም ከሚገባው ሁሉ ትንሹን ነው። ጊታሪስቱ ለአንዲት ልጅ የአንድ ዓረፍተ ነገር ዕዳ ነበረበት፦ ከበሮውን የመታው አባትሽ ነው።