ጌታነህ የሄደበት ቅዳሜ

ባለፈው እሑድ ምሳ እየበላን ሳለ የልጅ ልጄ ቤዛ ስልኳን አስቀመጠችና «እማማ፣ ወዳለፈ ዘመን የሚመልስ መኪና ቢገኝ የትኛው ቀን ላይ ይወርዱ ነበር?» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ከጓደኞቿ ጋር ሲጫወቱበት የሰነበቱት ጥያቄ ነው። እሷ የነገሥታቱን ዘመን ማየት አምሯታል። «እኔማ ሠርጌን ደግሜ አያለሁ» ብዬ አሳቅኋት። ዋሸኋት። እኔ የምወርድበት ቀን አንድ ብቻ ነው።

ያደግነው ጎጃም፣ አማኑኤል ከተማ አጠገብ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጌታነህ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ ይማር ነበርና ኅዳር ላይ ጤፉ ሲደርስ ለአጨዳ መጣ። ማለዳው ውርጭ፣ ቀኑ ጠራራ፣ መንገዱ ሁሉ ገለባ ገለባ የሚሸትበት ጊዜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ትኩስ የባቄላ ንፍሮ ከበን እየበላን ሳለ የእናቴ ታላቅ ወንድም ደምሌ ገባ። እሱን አንቱ ማለት ከተውኩ ቆየሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበር። ደርግ በየገበያው ወጣት እያፈሰ ወደ ጦር ሜዳ የሚልክበት ዘመን ስለሆነ ሰው ሁሉ ይፈራዋል፤ እኛ ግን ዘመዶቹ ነን፣ ምን አስፈራን?

«በሬ ልሸጥ ነው» አላት እናቴን። «ጌታነህ ገበያ ድረስ ይንዳልኝ።»

«ቢይዙትስ፣ አያ ደምሌ?»

«እኔ እያለሁ ማን ይነካዋል?»

ጌታነህ ንፍሮ ዘግኖ፣ በሬውን እየነዳ ወጣ።

ረፋዱ ላይ ጩኸት ሰማን። ሮጬ ስደርስ ገበያው ተከቧል። ወንድሜ ጭነት መኪና ላይ ከሌሎች ጎረምሶች መሀል ቆሟል። «አይዞሽ» አለኝ ፈገግ ብሎ፣ «ተማሪ መሆኔን ሲያውቁ ደጀን ሳንደርስ ይለቁኛል።» አጎቴ የበሬውን ገመድ እንደያዘ ወዲያ ወዲያ ያያል። መኪናው ደጀንን አልፎ ዓባይን ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ጌታነህን አየሁ የሚል ሰው አልተገኘም።

በሳምንቱ የአጎቴ ልጅ ቁይ ካሉት አክስቶቹ ዘንድ ተመለሰ። አባቱ አፈሳው መቼ እንደሆነ ስለሚያውቅ ቀድሞ አሽሽቶት ኖሯል። እናቴ ይህን ስትሰማ ሄዳ ወንድሟ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ልጄን በልጅህ ለወጥከው?»

«ኮታውን ባልሞላ እኔኑ ያስሩኝ ነበር» አላት። «የራሴን ልጅ ልስጥ?»

መርዶ ስላልመጣ እናቴ ለልጇ ጥቁር ሳትለብስ፣ ተዝካር ሳታወጣ ሞተች። አጎቴ ግን ሸምግሎ፣ ተከብሮ፣ አገር አልቅሶለት ተቀበረ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ እንባዬ እምቢ አለኝ።

ቤዛ ከሄደች በኋላ ሳህን እያጠብኩ በሐሳቤ እዚያች ማለዳ ላይ ወረድኩ። ጌታነህን ጎተራ ውስጥ ደበቅኩት። አጎቴ ባዶ እጁን ወጥቶ ወደ ጎረቤታችን አቀና፤ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ ያላት አንድ ወንድ ልጅ ነው። ልጮህላት እችል ነበር፤ ዝም አልኩ። ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩት፤ የሌላ እናት ልጅ ሳልሰጥ ጌታነህን ከዚያ ቀን የማወጣበት መንገድ አጣሁ። ሰጠሁም። አጎቴን ግን ዛሬም ይቅር አላልኩትም።