ዓሣ የተደረደረበት የካምቢዮ ኮፓ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ሊጀምር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ብዙ መኪና ፈትቼ ገጥሜአለሁ፤ እንደዚያ ያለ ቀን ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ጋምቤላ ከተማ የአውቶ መካኒክ መምህር ነኝ። ከጎጃም ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ሚሲዮናውያን ትተዋት የሄዱ ሰማያዊ አሜሪካ ሠራሽ መኪና አለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች በሽተኛ እንድታመላልስላቸው ፈልገው፣ “መምህር፣ እስቲ ሞክራት” አሉኝ።

ሞተሩን በሁለት ሳምንት አስነሣሁት። ችግሩ አውቶማቲክ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ነበር። ሥሯ ገብቼ ሳይ ቦታው ባዶ ነው። ማን እንዳወጣው የሚያውቅ አልተገኘም።

ሌላ እንዳላዝዝ ደግሞ ዓይነቱን አላወቅሁም። በዚያ ዘመን ለአንድ ዓይነት መኪና የተለያየ ካምቢዮ ይገጠም ነበር። አንድ ወር ሙሉ ስልኬ ላይ ተደፍቼ የአሮጌ ካምቢዮ ፎቶ ሳገላብጥ ከረምኩ፤ ውጭ አገር ያሉ ባለሙያዎችንም ጠየቅሁ። የሚለዩት ከሥር ባለው የዘይት መያዣ፣ እኛ ኮፓ በምንለው፣ ቅርጽና በጠርዙ ባሉት የብሎን ቀዳዳዎች ቁጥር ነው አሉኝ። የሌለ ነገር እንዴት ይቆጠራል? ሽማግሌዎቹን ታከታቸው። ቅዳሜ ለአሮጌ ብረት ገዢ እንድትሰጥ ወሰኑ።

ሐሙስ ዕለት የውሃ ፓምፕ ልጠግን ወደ አልዌሮ ግድብ ሄድኩ። ስመለስ አቦቦ ላይ ዓሣ ልገዛ ወረድኩ። አንዲት አሮጊት ዓሣቸውን የደረደሩበት ትሪ ላይ ዓይኔ ቀረ። ጠርዙ ዙሪያውን የተበሳ ጎድጓዳ ብረት ነው። ቁጢጥ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ።

“ልጄ፣ እኔ ዓሣ ነው የምሸጠው፤ ቀዳዳ አልሸጥም” አሉኝ።

አሥራ አራት! ስልኬን አውጥቼ ከፎቶው ጋር አስተያየሁት። ቁርጥ እሱ፤ የባለሁለት ማርሹ ካምቢዮ ኮፓ ነው።

“እማማ፣ ይህን ከየት አገኙት?”

“የባሌ ነው። የሚሲዮኑን ሰማያዊ መኪና እሱ ነበር የሚነዳው።”

“የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እንድጠግናት ሰጥተውኝ ካምቢዮዋን ስፈልግ ነው የከረምኩት” አልኳቸው። አሮጊቷ፣ እማማ አሪየት፣ ዓሣውን ለጎረቤታቸው አደራ ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ጓዳ ውስጥ ካለ በርሜል ላይ የተደራረቡ የማዳበሪያ ከረጢቶችን አነሡ። ካምቢዮው በርሜሉ ውስጥ በሸራ ተጠቅልሎ ተቀምጧል!

“መንግሥት ሊለወጥ ሲል መሣሪያ የያዙ ሰዎች መኪና ይቀሙ ነበር” አሉኝ። “ባሌ፣ ‘ይሄ ከሌለ አትሄድም’ አለና አወጣው። ‘የቤተ ክርስቲያን ሰው መጥቶ እስኪጠይቅሽ ለማንም አትንገሪ’ አለኝ። ሞተ። እኔም ቁጭ አልኩ። የጠየቀኝ የለም። ይቺን ትሪ ብቻ ለዓሣ ትመቸኛለች ብዬ እሱ እያለ ለምኜው ነው ያገኘኋት።”

ካምቢዮውን በመጣሁበት ፒክአፕ ጭኜ እሳቸውንም ከፊት አስቀምጬ ጋምቤላ ገባን። ሽማግሌዎቹ ሲያዩን አንዱ አለቀሱ፤ ሌላው ዘለሉ። የብረት ገዢው ቅዳሜ ባዶ እጁን ተመለሰ።

የካምቢዮው ዓይነት ስለታወቀ፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙትን የደረቁ ጎሚኒዎች በትክክለኛው ስማቸው አዘዝን። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሁሉም ተገጥሞ፣ ማርሹን አስገብቼ ፍሬኑን ስለቅ መኪናዋ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች። ግቢው በእልልታ ተናጋ። እማማ አሪየት አጠገቤ ተቀምጠው በአኝዋክኛ አንድ ነገር አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ የእኔም ዓይን በእንባ ተሞልቶ ነበር።

ባሕር ማዶ ያሉትን ሳስቸግር፣ እዚሁ አንድ ሰው “ማን ነበር የሚነዳት?” ብዬ አለመጠየቄ አሁንም ያሳፍረኛል። ደስታዬ ግን ይበልጣል። የእማማ አሪየት ባል እያንዳንዱን ብሎን ግሪስ ቀብቶ በጨርቅ ቋጥሮት ነበር። ቋጠሮውን ስፈታ፣ በሕይወት ያላገኘሁትን የሙያ ባልደረባዬን እጅ የጨበጥኩ ያህል ተሰማኝ።