የእናቴን መልክ ፍለጋ ግራና ድረስ

ወልድያ

ማለዳ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ከወልድያ ተነሣሁ። የምሄደው ግራና ነው፣ የእናቴን ፊት ለማየት። እናቴ የሞተችው እኔ ገና ድክ ድክ ስል ነበር፤ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልቀረላትም። ያሳደገችኝ አክስቴ ግን፣ «ፊቷን ማየት ከፈለግሽ ግራና ያለችው ማርያም ሂጂ። ሠዓሊው መሪጌታ እመቤታችንን የሳሉት እሷን አስቀምጠው ነው» ትለኝ ነበር።

የመሪጌታን ሥዕሎች በየደብሩ እያየሁ ነው ያደግሁት። የሚስሏቸው ሰዎች ዓይናቸው ትልልቅ ነው፤ ቀና ብዬ ሳያቸው የሚያውቁኝ ይመስለኛል። የግራናውን ግን ነገ ዛሬ ስል ኖርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ባልመስላትስ ብዬ ፈርቼ ነው። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በብሎኬት ሊሠራ ነው ሲባል ግን ሥዕሉን ሳላየው እንዳይጠፋ የሚለው ፍርሃት በለጠ።

መርሳ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ፀሐይዋ ከረረች። መርሳ ስወርድ ለመሪጌታ የሚሆን ማንጎ መምረጥ ጀመርኩ።

«ለማን ነው?» አለችኝ ሻጯ።

«ለአንድ ሽማግሌ።»

«ጥርስ አላቸው?»

«እንጃ።»

«እንግዲያስ ፓፓዬ ውሰጂ፤ ማንጎው ክር ነው፣ ያስቸግራቸዋል» ብላ ሁለት ፓፓዬ በአራት ብር ሰጠችኝ። ከዚያ በጠጠሩ መንገድ በአይሱዙ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር እየተጋፋሁ ግራና ገባሁ።

ግራና

መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል። የእናቴን ስም ነግሬ ልጇ ነኝ ስላቸው ፈገግ አሉ።

«ያቺ ተራጋጯ ሕፃን?»

በትራቸውን ይዘው ወደ ውስጥ መሩኝ፤ ጫማችንን አውልቀን ገባን። መጋረጃውን ገለጡልኝ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች። ፊቷ ሙሉ ነው፣ ያምራል። እኔን ግን በፍጹም አይመስልም።

«የኔታ፣ ይህ የእናቴ ፊት ነው?»

«ኧረ የለም ልጄ! የእመቤታችንን ፊት ከሰው አንወስድም። ከመምህሬ እንደተቀበልኩት ነው የሳልኩት። አገሩ ሁሉ እናትሽ ናት ሲል ዝም አልኩ እንጂ።»

«ታዲያ እናቴን ለምን አስቀመጧት?»

«ለእጁ። ልጅ ወልጄ አላውቅም፤ ልጅ የያዘ እጅ አልወጣልኝ አለ። እናትሽን ለመንኳት፣ አንቺን ታቅፋ መጣች። አንቺ ግን ስትራገጪ ቀለሜን ደፋሽብኝ። ይኸኔ እግርሽን አፈፍ አድርጋ ያዘችው። ‘እንዳትለቂ’ አልኳት።»

ዝቅ ብዬ አየሁ። በሌሎቹ ሥዕሎቻቸው የእመቤታችን እጆች ተደራርበው ያርፋሉ። እዚህ ግን አንዱ እጅ የሕፃኑን ተረከዝ ጨብጧል፤ አውራ ጣቱ ውስጥ እግሩን ጫን ብሎታል። አጭር፣ ወፍራም፣ ሥራ የለመደ እጅ ነው። የራሴን እጅ አየሁ፤ ያው ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። መሪጌታም መጋረጃውን እንደያዙልኝ ቆዩ።

መልስ

ቤተ ክርስቲያኑ ከመፍረሱ በፊት ፎቶ አንሺ ይዤ ልመለስ ከመሪጌታ ጋር ተስማምተን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወልድያ ገባሁ። መልክ ማለት ፊት ብቻ እየመሰለኝ ስንት ዓመት በመስተዋት ውስጥ ፈለግኋት! አክስቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አየሻት?»

«ፊቱ የእሷ አይደለም አክስቴ። እጁ ነው። እግሬን ይዛኛለች።»

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«እሱንስ ረስቼው» አለች። «ታማ እንኳ እግርሽን ይዛ ነበር የምትተኛው። የመጨረሻው ቀን ከእጇ ያላቀቅኩሽ እኔ ነኝ።»